ቤትን ለፎቶግራፍ ስለ ማሰናዳት

ሰው ወደ ቤቱ እንግዳ የሚጠራ እንደ ሆነ አስቀድሞ ቤቱን ይጠርጋል፥ ቄጠማ ይጎዘጕዛል፥ የተቀደደውን ምንጣፍ አንሥቶ ደኅናውን ያነጥፋል። ይህን ማድረጉ እንግዳውን ለማክበር ነው እንጂ ለማታለል አይደለም፤ እንግዳውም ቤቱ ዘወትር እንዲህ ሆኖ እንደማይውል ያውቃል፥ ስለ ተደረገለት ክብር ግን ደስ ይለዋል። ነገር ግን በዚህ በእኛ ዘመን እንግዳው ወደ ቤቱ ከመግባቱ አስቀድሞ ቤቱን በፎቶግራፍ የሚያየው ሆኗል፤ በሩቅ አገር ተቀምጦ፥ በእጁ በያዘው ስልክ፥ የሚያድርበትን አልጋና የሚበላበትን ገበታ ይመለከታል፥ ገንዘቡንም ሳይመጣ ይከፍላል። ስለዚህ ቤትን ለእንግዳ ማሰናዳትና ቤትን ለፎቶግራፍ ማሰናዳት አንድ ይመስላሉ እንጂ አንድ አይደሉም። አንድ የጎንደር ባለሆቴል በሁለቱ መካከል ያለውን ልዩነት እንዴት አድርጎ እንዳወቀው ከዚህ በታች ይነገራል።

ይህ ሰው ከአባቱ የወረሰው ሆቴል በከተማው መካከል የሚገኝ ነው። በምድር ቤቱ የምግብ አዳራሽና ወጥ ቤት፥ በፎቁም 11 መኝታ ክፍሎች አሉት። ወደ ፎቁ የሚያወጣው የድንጋይ ደረጃ 22 መርገጫ ሲሆን፥ ከላይ ባለው ሰገነት የቆመ ሰው፥ ዐፄ ፋሲል በ1628 ዓ.ም. ጎንደርን መናገሻቸው ካደረጉ በኋላ የሠሩትን የግንብ ጫፍ ከዛፎቹ በላይ ያያል። በቀድሞው ጊዜ ግንቡን ለማየት የሚመጣው የውጭ አገር ሰውና ለጥምቀት የሚመጣው ምእመን ክፍሎቹን ይሞሏቸው ነበር። በመጋቢት ወር 2012 ዓ.ም. የኮሮና በሽታ በኢትዮጵያ መገኘቱ ከተነገረ በኋላ ግን እንግዳ ጠፋ፤ ከጥቅምት 2013 እስከ ጥቅምት 2015 ዓ.ም. በሰሜን የተደረገው ጦርነትም ተከተለ፤ ከዚያም ወዲያ በክልሉ የተነሣው ግጭት መንገዱን አስፈሪ አደረገው። ባለሆቴሉ ከሠራተኞቹ አንዱን እንኳ ላለማሰናበት ከባንክ ተበደረ፤ የብድሩም ወለድ ወር በገባ ቍጥር ሳይጠራ የሚመጣ እንግዳ ሆነበት።

በዚህ ጭንቀት ሳለ የእኅቱ ልጅ፥ «ጋሼ፥ ዛሬ እንግዳ የሚመጣው ሥዕል አይቶ ነው፤ የእኛን ሆቴል ማን አይቶት ያውቃል?» ብሎ መከረው። ወጣቱም ካሜራ ተውሶ ክፍሎቹን ሁሉ አነሣ። የተዋሰው ካሜራ ሌንስ ቦታን እጅግ አስፍቶ የሚያሳይ ባለ 16 ሚሊሜትር ስለ ነበረ፥ ሦስት ሜትር በሦስት ሜትር ተኩል የሆነው ክፍል በሥዕሉ ላይ የሠርግ አዳራሽ መሰለ፤ አልጋውም ከበሩ ብዙ የራቀ ሆኖ ታየ። ደረጃው ጨለማ ስለ ሆነ አልተነሣም። ሥዕሎቹ በኢንተርኔት ከወጡ በኋላ በእርግጥ እንግዳ መምጣት ጀመረ፤ ባለሆቴሉም የእኅቱን ልጅ መረቀው።

አንድ ቀን ማታ ግን ጡረታ የወጡ አንድ አረጋዊ መምህር ከልጃቸው ጋራ ከአዲስ አበባ መጡ። በሁለት ምርኩዝ የሚሄዱ ነበሩ፤ የመጡትም በልጅነታቸው የተማሩበትን አገር ዳግመኛ ለማየት ነበር። ልጃቸው ሥዕሉን አይቶ ክፍሉ ሰፊ፥ መግቢያውም ደልዳላ መስሎት የሦስት ሌሊት ኪራይ አስቀድሞ ከፍሏል። ደረጃውን ባየ ጊዜ ፊቱ ተለወጠ፤ ነገር ግን ሌላ ማደሪያ ለመፈለግ መሽቶ ነበር። ስለዚህ ሁለት አስተናጋጆች ሽማግሌውን በወንበር ተሸክመው 22ቱን መርገጫ አወጧቸው። ክፍሉ ውስጥ በገቡም ጊዜ በአልጋውና በግድግዳው መካከል ያለው ቦታ በሁለት ምርኩዝ ለሚራመድ ሰው አልበቃ አለ፤ ሌሊቱን መነሣት በፈለጉ ቍጥር ልጃቸውን ለመቀስቀስ ግድ ሆነባቸው። በማግሥቱ እንደ ገና በወንበር ወረዱ። ባለሆቴሉ የቀረውን የሁለት ሌሊት ገንዘብ መልሶ ይቅርታ በለመናቸው ጊዜ ሽማግሌው አልተቈጡም፤ «ልጄ፥ ቤትህ መልካም ነው፥ ሰዎችህም ደጎች ናቸው፤ ሥዕልህ ግን ቤትህን አያውቀውም» አሉትና ሄዱ።

ይህ ቃል ከስድብ ይልቅ ከበደው። ቢሰድቡት ኖሮ ስድቡን በስድብ፥ ወይም በዝምታ በመለሰ ነበር፤ እውነት የሆነ ቃል ግን መልስ የለውም። በዚያው ሳምንት ሥዕሎቹን ሁሉ ከኢንተርኔት አስወረደ፤ እንግዳውም ደግሞ ቀነሰ። ጥቂት ወራት እንዲህ ከቆየ በኋላ፥ ሆቴሎችንና ምግብ ቤቶችን በማንሣት ሥራ የሚተዳደር አንድ ወጣት ፎቶግራፍ አንሺ ከባሕር ዳር ለማስመጣት ቈረጠ። ሚስቱ ዋጋውን በሰማች ጊዜ፥ «በዚህ ገንዘብ ጣራው ይታደስ ነበር» ብላ አጕረመረመች፤ እርሱም፥ «ጣራውን የሚያድሰው እንግዳ ነው» ብሎ መለሰላት። በልቡ ግን ሌላ ነገር ነበር፤ ይኸውም ቤቱን የሚያውቅ ሥዕል ማግኘት ነው።

ፎቶግራፍ አንሺው ከመምጣቱ ከዐሥር ቀን በፊት ደብዳቤ ላከ። የደብዳቤውም ፍሬ ነገር፥ የካሜራው ሥራ የአንድ ቀን ሲሆን የማሰናዳቱ ሥራ ግን የሳምንት ነው የሚል ነበር። የሚነሡት ክፍሎችና ምግቦች ከነሰዓታቸው በተራ ይጻፉ፤ የመስኮቶቹ መስታወት በውስጥም በውጭም ይታጠብ፤ የተቃጠለ አምፖል ይለወጥ፥ በአንድም ክፍል ውስጥ ያሉት አምፖሎች ቀለማቸው አንድ ዓይነት ይሁን፤ ጠርዙ የተሸረፈ ሳሕንና የተጫረ ብርጭቆ ይለይ፤ የአልጋው ልብስ ከተነጠፈ በኋላ እዚያው አልጋው ላይ ሳለ ይተኰስ፤ የኤሌክትሪክ ሽቦ ይሰብሰብ፤ መብራት ቢጠፋ ጄኔራተሩ ነዳጅ ይኑረው፤ በዚያ ቀን በሆቴሉ ላሉ እንግዶችም አስቀድሞ ይነገራቸው፥ ከእነርሱም ሆነ ከሠራተኞቹ መነሣት የማይወድ ሰው አይገደድ ይላል። ባለሆቴሉ ደብዳቤውን ሁለት ጊዜ አንብቦ፥ ከዚህ ሁሉ ትእዛዝ አብዛኛው ፎቶግራፍ ባይኖርም እንኳ ሊደረግ የሚገባው እንደ ነበረ ተረዳና አፈረ።

የፎቶግራፍ ጥበብ ከመነሻው ጀምሮ መሰናዳትን የሚጠይቅ ነው። በአውሮፓ አቈጣጠር በ1839 ፈረንሳዊው ዳጌር ያገኘው ዘዴ ለሕዝብ በተገለጠ ጊዜ፥ ምስሉ እስኪቀረጽ ድረስ ደቂቃዎች ያልፉ ነበርና፥ ተነሺው እንዳይነቃነቅ አንገቱን ከኋላ በብረት ይደግፉለት ነበር። በእኛም አገር በ1860 ዓ.ም. ወደ መቅደላ የዘመተው የእንግሊዝ ጦር ፎቶግራፍ የሚያነሡ መሐንዲሶች ይዞ መጥቷል፤ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ደግሞ አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጂያን የቤተ መንግሥት ፎቶግራፍ አንሺ ሆኑ፥ ከእርሳቸውም በኋላ ልጆቻቸው ይህንኑ ሥራ ያዙ። ኋላ በየከተማው የፎቶግራፍ ቤት በተከፈተ ጊዜ ተነሺው በተሳለ መጋረጃ ፊት ይቆም ነበር፤ በመጋረጃውም ላይ ፏፏቴ ወይም አውሮፕላን ወይም የአበባ ስፍራ ይታይበት ነበር። በዚህ መጋረጃ ግን የተታለለ ሰው የለም፤ ሥዕሉ የተላከለት ዘመድ ሁሉ ፏፏቴው ጨርቅ እንደ ሆነ ያውቃል፥ የሚፈልገውም የልጁን ፊት ነው። ማታለል የሚጀምረው መጋረጃው መጋረጃ መሆኑን ተመልካቹ ሳያውቅ ሲቀር ነው።

መሰናዶው በተጀመረ ጊዜ ከሁሉ አስቀድሞ የተነሣው ነገር የቀኑ ጉዳይ ነበረ። የጥቅምት ወር ነበር፤ ዝናሙ ቆሞ ሰማዩ የጠራበት፥ ኮረብታውም ገና ያልደረቀበት ወቅት ስለ ሆነ ለፎቶግራፍ የተመቸ ነው። ባለሆቴሉ ረቡዕን መርጦ ለወጥ ሠሪዋ ነገራቸው። እርሳቸው በአባቱ ጊዜ ጀምሮ በዚያ ወጥ ቤት የኖሩ አሮጊት ናቸው። «ልጄ፥ ረቡዕ ዶሮ ሠርቼ ማን ሊበላው ነው? ለካሜራ ብቻ የሚታረድ ዶሮ አለን?» አሉት። እርሱም፥ «እውነትዎ ነው እማማ፥ ዘንግቼው ነው» ብሎ ቀኑን ወደ ሐሙስ አዛወረው። እርሳቸው የጽጌን ጾም ስለሚጾሙ ሐሙስም ቢሆን ወጡን አይቀምሱም፤ ነገር ግን ጨውና በርበሬውን በመዓዛው ብቻ የሚያውቁ ስለ ሆኑ በዚህ የሚሠጋ አልነበረም።

ከዚያም ቤቱ ተገለበጠ። አስተናጋጆቹ መስታወቱን አጠቡ፥ የመሶቡን ስፌት በእርጥብ ጨርቅ ወለወሉ፥ ረከቦቱን አጸዱ። የተሰበረ ወንበር፥ የባዶ ጠርሙስ ሣጥን፥ አሮጌ ፍራሽ፥ የማይሠራ ቴሌቪዥን ከየጥጉ ተሰበሰበ፤ ይህ ሁሉ የት ይግባ በተባለ ጊዜ፥ ከአዳራሹ በስተኋላ ወዳለው ምድር ቤት ክፍል ተጣለና በሩ ተዘጋ። ያ ክፍል የባለሆቴሉ አባት በሕይወት ሳሉ ሒሳባቸውን የሚጽፉበት ነበር፤ ከሞቱ በኋላ ግን ማንም አይገባበትም ነበርና ዕቃ መጣያ ሆኖ ቀርቷል። የሆቴሉ ነውር ሁሉ ወደዚያ ክፍል ገብቶ በሩ ሲዘጋ ባለሆቴሉ የልብ ዕረፍት ተሰማው።

ሐሙስ ጧት በ12 ሰዓት ፎቶግራፍ አንሺው ከረዳቱ ጋራ ሥራ ጀመረ። ከሁሉ አስቀድሞ ያደረገው ነገር ሁሉንም አስገረመ፤ ይኸውም የአዳራሹን መብራት ማጥፋቱ ነው። «ያን ሁሉ አምፖል ገዝተን ልታጠፋብን ነውን?» ብላ የባለሆቴሉ ሚስት ጠየቀችው። እርሱም በትሕትና እንዲህ ሲል አስረዳት፦ «እትዬ፥ የቀን ብርሃን ወደ ሰማያዊ የሚያደላ ነው፥ በቍጥርም 5500 ኬልቪን ያህል ይባላል፤ የቤት አምፖል ግን ወደ ቢጫ የሚያደላ፥ ከ3000 ኬልቪን የማይበልጥ ነው። ዓይናችን ሁለቱን ያስታርቃቸዋል፥ ካሜራ ግን አያስታርቅም፤ በአንዱ በኩል እንጀራው ሰማያዊ፥ በሌላው በኩል ቢጫ ሆኖ ይወጣል። ስለዚህ ምግቡን በመስኮቱ ብርሃን አነሣለሁ፥ አምፖሎቹ ግን ለማታ ይጠቅማሉ።» ገበታውም ወደ ምሥራቁ መስኮት ተጠጋ፤ ብርሃኑ ከጐንና ጥቂት ከኋላ እንዲመጣ አደረገ፤ በጥላው በኩል ነጭ ሰሌዳ አቆመና ጥላውን በመጠኑ አቀለለው። በአገራችን ፀሐይ ፈጥና ወደ ላይ ስለምትወጣ ይህ ለስላሳ ብርሃን የሚገኘው ከጧቱ 1 ሰዓት እስከ 3 ሰዓት ብቻ ነውና፥ ወጥ ቤቱ በዚያ ሰዓት ምግቡን እንዲያደርስ አስቀድሞ ተነግሮት ነበር።

ዶሮ ወጡ በሸክላ ሳሕን ቀርቦ እንቍላሉ ከላይ በተቀመጠ ጊዜ ያየው ሁሉ ምራቁን ዋጠ። ነገር ግን ፎቶግራፍ አንሺው ካሜራውን በሦስት እግሩ ላይ እስኪያስተካክል ድረስ፥ የጎንደር ጧት ብርድ ነውና፥ ንጥር ቅቤው መርጋት ጀመረ፤ ወጡ ደበዘዘ፥ የእንጀራውም ጠርዝ ደረቀ። ረዳቱ ከሻንጣው ዘይትና ብሩሽ አወጣ። ወጥ ሠሪዋም አይተው፥ «ምን ልታደርግ ነው ልጄ?» አሉት። «እንዲያብረቀርቅ ዘይት ልቀባው ነው እማማ።» እርሳቸውም፥ «የቅቤን ወጥ በዘይት ቀብተህ ለማን ልታሳየው ነው? ዘይት የጾም ነው፥ ይህ የፍስክ ነው» ብለው ብሩሹን ከእጁ ተቀበሉት። ወዲያውም ወደ ምድጃው ሄደው፥ ከድስቱ ላይ የጠለለውን ትኩስ ቅቤ በጭልፋ ጨልፈው አመጡና በወጡ ላይ በቀስታ አፈሰሱት፤ የደረቀውንም እንጀራ አንሥተው ከአክንባሎ ሥር የወጣ አዲስ እንጀራ አኖሩ። ወጡ እንደ ገና አበራ፤ ፎቶግራፍ አንሺውም በዚያች ደቂቃ አነሣው።

ከዚህ በኋላ ፎቶግራፍ አንሺው በሥራው መካከል አንድ ነገር አጫወታቸው። በአሜሪካ አገር ካምቤል የተባለው የሾርባ ኩባንያ ለማስታወቂያ ባነሣው ሥዕል ላይ በሳሕኑ ግርጌ የመስታወት ብይ ጨምሮ ነበር፤ ብዩ አትክልቱን ወደ ላይ ስለሚደግፈው ሾርባው እጅግ የበለጸገ መስሎ ታየ። የአገሩ የንግድ ኮሚሽን ግን ይህ ገዢን ማታለል ነው አለ፤ በአውሮፓ አቈጣጠር በ1970ም ኩባንያው እንዲህ ያለውን ነገር እንዳይደግም ትእዛዝ ወጣበት። በሳሕኑ ውስጥ የነበረው ሾርባ እውነተኛ ነበር፤ ሐሰቱ ያለው ከሥር በተሸሸገው ብይ ነው። ወጥ ሠሪዋ ይህን ሰምተው፥ «እንግዲያውስ የልጅ መጫወቻ ቀቅለዋላ!» ብለው ሳቁ። «ሲያዩት ያላማረ ሲበሉት ያቅራል» የሚባለው ተረት እውነት ነው፤ ነገር ግን ሲያዩት ያማረው ሲበሉት ሌላ ሆኖ የተገኘ እንደ ሆነ ማቅሩ የባሰ ይሆናል።

የቡናው ተራ በደረሰ ጊዜ የባለሆቴሉ ሚስት ከጎረቤት የተዋሰችውን አዲስ ጥልፍ ቀሚስ አምጥታ ወጥ ሠሪዋ እንዲለብሱት ለመነቻቸው፤ ባይሆን ቡናውን አንዲት ወጣት ትቅዳው አለች። ፎቶግራፍ አንሺው አስቀድሞ፥ «እማማ፥ ይህን ሥዕል ዓለም ሁሉ ያየዋል፤ ፈቃድዎ ነውን?» ብሎ ጠየቃቸው። እርሳቸውም ጥቂት አስበው፥ «ፈቃዴ ነው፤ ነገር ግን ፊቴን ልታጠብ፥ የራሴንም ነጠላ ልልበስ። በሰው ቀሚስ ተቀምጬ ብታየኝ ልጄ ይቺ ማን ናት ትለኛለች» አሉ። ልጃቸው በሩቅ አገር የምትኖር ናት። እንዳሉትም ታጥበው፥ የታጠበ ነጠላቸውን ለብሰው በረከቦቱ ፊት ተቀመጡ፤ ፎቶግራፍ አንሺው ከኋላቸው ያለውን ግድግዳ አጨለመና የእጣኑ ጢስ በመስኮቱ ብርሃን ነጭ ሆኖ ሲወጣ አነሣቸው። ምሳ በሆነ ጊዜም የተነሣው ምግብ ሁሉ ለሠራተኞቹ ቀረበ።

ከቀትር በኋላ ወደ ፎቁ ወጡ። የፈተናውም ሰዓት ይህ ነበረ። የመጀመሪያው ክፍል በተከፈተ ጊዜ የእኅቱ ልጅ ወደ አጎቱ ጠጋ ብሎ፥ «ጋሼ፥ በሰፊው ሌንስ ይነሣ፤ በዚህ መንገድ ያሉት ሌሎች ሆቴሎች ሁሉ የሚያደርጉት ይህንኑ ነው፤ እኛ ብቻችንን ጠባብ ሆነን እንታይ?» አለው። ፎቶግራፍ አንሺውም ሁለቱንም ሌንሶች አውጥቶ አሳየው፦ «ይህ ባለ 16 ሚሊሜትር ነው፥ ክፍሉን ሁሉ ይይዛል፥ ግን የቅርቡን አስፍቶ የሩቁን ያርቀዋል። ይህ ባለ 24 ነው፥ የሚያሳየው ከዚያ ያነሰ ነው፥ ነገር ግን የገባ ሰው ከሚያየው እምብዛም አይለይም። ያዘዙኝን አነሣለሁ።» ባለሆቴሉ ዝም አለ። በዚያች ቅጽበት የባንኩ ወለድ ታየው፤ የሠራተኞቹ ደመወዝ ታየው፤ በአጠገቡ ያለው አዲስ ሆቴልም ታየው። ከዚያ ደግሞ በወንበር ተቀምጠው በደረጃው የሚወጡት ሽማግሌ፥ በሁለት እጃቸው የወንበሩን ክንድ ጨብጠው፥ ወደ ታች ላለማየት ዓይናቸውን የጨፈኑት ታዩት። «በ24ቱ አንሣው» አለ። የእኅቱም ልጅ፥ «እንግዲህ ትንሽ ክፍል መሆኑ ታየ» ባለው ጊዜ፥ «አዎን፥ ትንሽ ነው፤ ስፋቱም በሜትር ከሥዕሉ በታች ይጻፍ» ብሎ መለሰለት።

ፎቶግራፍ አንሺው ግድግዳዎቹ ወደ ውስጥ የወደቁ እንዳይመስሉ ካሜራውን በውኃ ልክ አስተካከለ፤ ከዚያም አንዱን ክፍል ሦስት ጊዜ፥ በጨለማ፥ በመካከለኛና በብሩህ መጠን አነሣው። ባለሆቴሉ ሦስቱ ሥዕሎች ወደ አንድ እንደሚዋሐዱ በሰማ ጊዜ ደነገጠና፥ «ይህስ ማታለል አይደለምን?» አለ። ወጣቱም፥ «ጋሼ፥ እርስዎ እዚህ ቆመው አልጋውንም፥ በመስኮቱ ውጭ ያለውንም ዛፍ ያያሉ፤ ካሜራ ግን በአንድ ጊዜ ሁለቱን አይችልም፤ ወይ ክፍሉ ይጨልማል፥ ወይ መስኮቱ ባዶ ነጭ ይሆናል። ሦስቱን ባዋሕድ ዓይንዎ ያየውን መመለሴ ነው» አለው። በሰገነቱ ላይ ግን ተቃራኒውን አሳየው፤ ባለ 200 ሚሊሜትር ሌንስ አድርጎ ከሩቅ ቆሞ ቢያነሣ የፋሲል ግንብ የሆቴሉን አጥር የሚነካ መስሎ ታየ። ምንም አልጨመረበትም፥ ምንም አልቀነሰበትም፤ ሆኖም ሥዕሉ በእግር የሚኬደውን መንገድ ዋጠው። ባለሆቴሉ ይህን አይቶ፥ «ውበቱስ ውበት ነው፤ ግን እንግዳዬ እዚህ ቆሞ ግንቡ የት ሄደ ይለኛል» አለና፥ በዓይን እንደሚታየው ሆኖ እንዲነሣ አዘዘ።

ከዚያ በኋላ በዝርዝሩ ያልነበረ ነገር ጨመረ፤ «ደረጃውን አንሣልኝ» አለው። «ደረጃ የሚያነሣ ባለሆቴል አላጋጠመኝም» አለ ወጣቱ። «ከላይ ሳይሆን ከታች፥ የሚወጣ ሰው እንደሚያየው፥ 22ቱም መርገጫ እንዲቈጠር አድርገህ አንሣው።» ወጣቱ ለካሜራው ሻንጣ ቦታ ለመፈለግ ከደረጃው ሥር ዞር ሲል የተዘጋውን የምድር ቤት በር ከፈተ፤ የተሰበረው ወንበርና የጠርሙሱ ሣጥን ተንዶ በእግሩ ሥር ወደቀ። ባለሆቴሉ በኀፍረት ፊቱ ቀላ፤ ነገር ግን ወጣቱ ዕቃውን አላየም፥ ያየው በስተኋላ ያለውን መስኮት ነበር። «ጋሼ፥ ከላይ ካነሣኋቸው ክፍሎች ሁሉ የዚህ ብርሃን ይበልጣል፤ ለምን ዕቃ ቤት አደረጉት?» አለው።

ባለሆቴሉ በዕቃው ላይ ተራምዶ ገባ። ከአባቱ ሞት ወዲህ ክፍሉን በቅጡ ያየው አሁን ነው። በእርምጃውም ለካው፤ አራት ሜትር በአራት ሜትር የሚበልጥ ነበር። ከደጁ እስከ በሩ አንድም ደረጃ የለበትም። ሽማግሌው መምህር በወንበር ተሸክመው በሚወጡባት ሌሊት ይህ ክፍል ከወንበሩ ተሸካሚዎች በዐሥር እርምጃ ርቀት ላይ፥ በሰባራ ዕቃ ተሞልቶ፥ ተዘግቶ ነበር። ባለሆቴሉ ይህን ባሰበ ጊዜ ያፈረው በመጥፎው ሥዕል ሳይሆን፥ በራሱ ቤት ውስጥ ያለውን ባለማየቱ ሆነ። ወጣቱ፥ «ዕቃውን እናውጣና እናንሣው» ቢለው፥ «አይሆንም፤ ገና ክፍል አይደለም» አለው።

ማታም የመጨረሻው ሥራ ቀረ። ፀሐይ ጠልቃ ሰማዩ ጠቍሮ ሳይጨርስ፥ የሰማዩ ሰማያዊነትና የመስኮቶቹ ቢጫ ብርሃን የሚመጣጠኑበት ጥቂት ደቂቃ አለ፤ የሆቴልን ፊት ለማንሣት ከዚህ የሚሻል ሰዓት የለም። ሁሉም በመንገዱ ማዶ ቆሞ ሲጠብቅ የከተማው መብራት ጠፋ። አንዱ አስተናጋጅ ወደ ጄኔራተሩ ሮጠ፤ በደብዳቤው እንደ ታዘዘው ነዳጅ ነበረውና ተነሣ። መንገዱ ሁሉ ጨለማ ሆኖ ሳለ 11ዱ መስኮቶች አንድ ጊዜ በሩ። የምድር ቤቱ ክፍል መስኮት ብቻ ጨለማ ሆኖ ቀረ፤ ሥዕሉም እንዲሁ ሆኖ ተነሣ።

ሥዕሎቹ ከሁለት ሳምንት በኋላ ደርሰው በኢንተርኔት ወጡ። ክፍሎቹ ከነስፋታቸው ተጻፉ፤ ደረጃውም ከነቍጥሩ ከመጀመሪያዎቹ ሥዕሎች መካከል ተቀመጠ። የእኅቱ ልጅ እንደ ፈራው አንዳንድ ሰው ደረጃውን አይቶ ሌላ ሆቴል ሳይመርጥ አልቀረም። ሆኖም የመጣው ሰው ሁሉ ያየውን ክፍል አገኘ፤ በመዝገቡ ክፍል ቆሞ «ይህ ያየሁት አይደለም» ያለ አንድ ሰው እንኳ አልተገኘም። «እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» እንደሚባለው፥ እንግዳው በአንድ ጊዜ ሳይሆን ጥቂት በጥቂት ጨመረ፤ የባንኩ ዕዳ ግን ገና አለ።

ባለሆቴሉ የደረጃውን ሥዕል ለሽማግሌው መምህር ልጅ ላከለትና፥ ከምድር ቤቱ አንድ ክፍል እየተሰናዳ መሆኑን ጻፈለት። መልሱም መጣ፤ «አባቴ ሥዕሉን አይተው መርገጫዎቹን በጣታቸው ቈጠሩና፥ አሁን ቤቱን አወቀው አሉ፤ ክፍሉ ከደረሰ ለጥምቀት እንመጣለን» የሚል ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰባራው ዕቃ ወጥቶ ግድግዳው ተለሰነ፥ በሩ ሰፋ፥ በአልጋውና በግድግዳው መካከል ያለው ቦታ በሁለት ምርኩዝ ተለካ። የእኅቱ ልጅ ክፍሉ አልቆ አልጋው በገባ ጊዜ ካሜራ ይዞ መጣ፤ አጎቱ ግን በሩ ላይ አስቆመውና፥ «ቈይ፤ አስቀድመው ሽማግሌው ይደሩበት። እርሳቸው ደኅና ነው ያሉ እንደ ሆነ ያን ጊዜ ታነሣዋለህ» አለው። ቤትን ለፎቶግራፍ ማሰናዳት ማለትም ይህ ነው፤ ቤቱ አስቀድሞ ለሰው ይሰናዳ፥ ሥዕሉ ከኋላ ይደርሳል።